ከደሙ የጠፋው ክኒን

አናጢውን ሞቶ ያገኘችው ቫርኒሽ ቀቢዋ ነች። ጠዋት የወርክሾፑን በር ገፋ ስታደርገው አልተቆለፈም፤ መብራቱም እንደበራ ነው። "ዛሬ ደግሞ ቀድሞኝ ገባ" ብላ የሥራ ልብሷን ልታወርድ ስትል፣ ሰውዬው ግማሽ ከተሠራ ቁም ሣጥን ሥር በግንባሩ ተደፍቶ አየችው። ጠራችው። ነካችው። ከዚያ በኋላ የጮኸችውን ጩኸት ከመንገዱ ማዶ ያሉት ብረት በያጆች ሰምተው ሥራቸውን ጥለው መጡ።

ሠፈሩ "ሰዓቱ" ነበር የሚለው። ልቡን ታሞ ሰው ሠራሽ ቫልቭ ስለተገጠመለት፣ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ከደረቱ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ይሰማ ነበር። አያፍርበትም። "ባትሪ አይበላ፣ ምን አለብኝ" እያለ ይስቅ ነበር። እንግዲህ የዚያን ቀን ጠዋት ወርክሾፑ ውስጥ ያን ሁሉ ሰው ዝም ያሰኘው፣ ድምፁ አለመኖሩ ነው።

ምርመራው የተሰጠው ኢንስፔክተር ባልደረቦቹ "አላምንም" የሚሉት ሰው ነው። ስሙን የሰጡት በክፋት አይደለም። ዝናብ እየዘነበ ነው ቢሉት እጁን በመስኮት አውጥቶ የሚያይ ሰው ስለሆነ ነው። ሬሳውን ዞሮ ዞሮ አየው። ቁስል የለም፣ ትግል የለም። መላጊያው ከሰውዬው እጅ ትንሽ ራቅ ብሎ ወድቋል። ጠረጴዛው ላይ ክዳኑ የተከፈተ ቴርሞስ አለ።

"ይሄ የማን ነው?"

"የሱ ነው ጋሼ" አለች ቫርኒሽ ቀቢዋ አፍንጫዋን በክንዷ እየጠረገች። "ሻይ ነው። እናቱ ናቸው በየቀኑ የሚልኩለት።"

ቴርሞሱን በከረጢት አሳሸገው። እሱ እያሳሸገ ሳለ ነው እናትየው የደረሱት። ሁለት ሴቶች ደግፈዋቸዋል፤ ግን ደጋፊ የሚፈልጉ አይመስሉም ነበር።

"ገደለችው!" አሉ፤ ገና ከበሩ። "ሚስቱ ገደለችው! እኔ ስናገር ማን ሰማኝ? ነርስ ነኝ እያለች ያገኘችውን ስታስውጠው ኖራ፣ ይኸው ደፋችው!"

ኢንስፔክተሩ እንደ ልማዱ አላመነም። ቢሆንም ጆሮውን ጣል አደረገበት።

* * *

ሬሳ መርማሪው ሐኪም መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ዓይኑን እያሸ ነበር።

"ቫልቩ ላይ ደም ረግቶ ዘግቶታል። ልቡ ቀጥ አለ፤ በቃ።"

"በሽታ ነው በለኛ! ልሂድ ወደ ሥራዬ።"

"ቆይ፣ አትቸኩል። እንዲህ ዓይነት ቫልቭ ያለው ሰው በየቀኑ የደም ማቅጠኛ ክኒን ይውጣል። ካልዋጠ ደሙ እዚያ ባዕድ ነገር ላይ ይረጋል። የዚህን ሰው ደም አስመረመርኩት። መድኃኒቱ የለም ማለት ይቻላል፤ ርዝራዥ ብቻ ነው የተገኘው።"

"አልዋጠማ።"

"ወይ አልዋጠም፣ ወይ ደግሞ ክኒን ነው ተብሎ ሌላ ነገር ውጧል።"

"ቴርሞሱስ?"

"መርዝ ፈልገን አጣንበት። ዝንጅብልና የሆነ ቅጠል ነው፤ ሰው ለጉንፋን እንደሚጠጣው ያለ።"

ኢንስፔክተሩ ሲወጣ ቴርሞሱን ከሐሳቡ አውጥቶታል። መርዝ የሌለበት ሻይ ምን ያደርግልኛል ብሎ። ይህ ስህተቱ ኋላ ብዙ አንገብግቦታል።

* * *

የሟች ሚስት በር ስትከፍት የሌሊት ሥራ ዩኒፎርሟን ገና አላወለቀችም። ባሏ ማታ በሞተበት ሰዓት ሆስፒታል ተረኛ ነበረች፤ ልጃቸው ደግሞ አያቷ ጋ። ለዚያ ነው ሳይመለስ ሲቀር ማንም ያልፈለገው። ዓይኗ ቀልቷል፣ ድምጿ ግን ረጋ ያለ ነው። ለኢንስፔክተሩ መረጋጋቷ አልተዋጠለትም። የሰው ነገር እንዲህ ነው፤ ብታለቅስ ደግሞ "አበዛችው" ሊል ነበር።

"ክኒኑን ማን ነበር የሚሰጠው?"

"እኔ ነኛ። ጠዋት ጠዋት፣ ከቁርስ በፊት።"

"ሲውጥ አይተሻል?"

"ምን ማለትዎ ነው? ውሃውን አስጨርሼ ነው የምሄደው። አፉን ከፍቶ ያሳየኛል፤ 'ፍተሻው አለቀ ወይ?' እያለ ይቀልድብኛል።" እዚህ ላይ ድምጿ ተሰበረ። ፈጥና አቃናችው።

"አንድም ቀን ሳይውጥ ቀርቶ አያውቅም?"

"አንድም ቀን።"

"ደሙ ውስጥ ግን የለም።"

"ሊሆን አይችልም" አለች። "መጨረሻ ደሙ ሲታይ ልክ ነበር። የሚቀጥለው ምርመራ እኮ ደርሶ ነበር። በጄ የሰጠሁትን ክኒን…"

እንዲህ በተናገረች ቁጥር ጥፋቱን ወደ ራሷ እየጎተተች መሆኑ የገባት አይመስልም። ሟች ዘንግቶ ይሆናል ብትል ትድን ነበር። እሷ ግን እሱ ከሌላ ሰው እጅ አልበላም አልጠጣም፣ እኔው ነኝ የሰጠሁት፣ እኔው ነኝ ያየሁት አለች። ኢንስፔክተሩ ሞኝ ነች ወይስ ብልጥ ነች እያለ ክኒኖቹን ሰብስቦ ወጣ።

እናትየው ደግሞ ጣቢያው ደጃፍ ጠበቁት። "ያን የመድኃኒት ቤቱን ሰውዬ ጠይቀው ልጄ" አሉት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ልጄን ከማግባቷ በፊት ሊያገባት የነበረው እሱ ነው። ክኒኑን የሚሸጥላት እሱ፣ የምታስውጠው እሷ። ዓይን አለህ አይደል?"

ፋርማሲስቱ ያንኑ ጥያቄ ሲሰማ ላብ በላብ ሆነ። አዎ፣ ሊያገባት ነበር። አዎ፣ አሁንም ያከብራታል። አይ፣ ሌላ ነገር የለም። "ሚስቴ እንዳትሰማ እባክዎ" አለ። ንጹሕ ሰው ይህን ያህል ያልበዋል እንዴ? ኢንስፔክተሩ መደርደሪያው ላይ ካለው የክኒን ዓይነት ሁሉ ናሙና ወሰደ።

አለቃው በዚያው ቀን ጠራው። "ነርስ ነች፣ ክኒኑን በጇ ትሰጣለች፣ ደሙ ውስጥ ክኒን የለም፣ የድሮ ወዳጅ አላት። ምን ቀረህ?"

"ልቤ አላረፈም።"

"ያንተ ልብ መቼ አርፎ ያውቃል? አስገባት።"

አስገባት። ልጅቷን እናትየው ወሰዷት። "ልጄን ቀማችኝ፤ የልጅ ልጄን ግን ጥፍሯን አላስነካትም" አሉ ጣቢያ ድረስ መጥተው። ሴትየዋ በእስር ክፍሉ በር ሆና ሰማቻቸው። ስለ ራሷ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።

"ጌታዬ፣ የፈለጉትን ያህል ያቆዩኝ" አለችው ኢንስፔክተሩን። "ልጄን ግን አሳዩኝ። አባቷ የት ሄደ ስትል እናትሽ ገደለችው ብለው ነው የሚነግሯት። እኔ ብፈታም ያ ቃል አይፈታም።"

ኢንስፔክተሩ የዚያን ቀን እራቱን ሳይነካው ተነሣ።

* * *

የክኒኑ ውጤት መጣ። ከቤቷ የተወሰደውም፣ ከፋርማሲው መደርደሪያ የተወሰደውም ትክክለኛ መድኃኒት ነው። አንድም ሐሰተኛ የለም።

"ታዲያ ሲሞት መልሳ ቀይራዋለቻ!" አለ አለቃው። "ነርስ አይደለች?"

ጥርጣሬ እንዲህ ነው፤ አንዴ ከተያዘ ማስረጃውም ማስረጃ አለመኖሩም እኩል ይመግቡታል። ኢንስፔክተሩ ይህን በራሱ ስለሚያውቀው ይበልጥ ተናደደ።

ቫርኒሽ ቀቢዋ ጣቢያውን በጩኸት የሞላችው በማግስቱ ነው።

"እስካሁን ያን ሰውዬ አልያዛችሁትም? ለሰው ኖራ ጠቅልሎ እየሸጠ?"

"ማንን?"

"ፋርማሲስቱን ነዋ! ጋሼ፣ እኔ ሦስት ልጅ አለኝ፣ ይበቃኛል ብዬ የወሊድ መከላከያ ክኒን ስውጥ ዓመታት አለፉኝ። ከሱ ነው የምገዛው። አንድ ቀን አላጎደልኩም፣ በልጆቼ እምላለሁ! ትናንት ክሊኒክ ሄድኩ፣ እንኳን ደስ ያለሽ አሉኝ። ምኑ ነው ደስታው? ባሌማ ራሱን ይዞ ተቀምጧል!"

ጸሐፊዋ ሳቋን በእጇ አፈነች። ኢንስፔክተሩ ግን አልሳቀም። ከወንበሩ ብድግ አለ።

"ክኒኑ ትክክለኛ ነው" አለ ቀስ ብሎ። "አስመርምሬዋለሁ። ከዚያው መደርደሪያ ያለውን ሁሉ።"

"ታዲያ ይሄ ሆዴ ምንድነው? ነፋስ ነው?"

"ተቀመጪ እስኪ።"

ወንበር ሳበላት። ጭንቅላቱ ውስጥ ያለው ነገር ገና ቅርጽ አልያዘም፤ ግን ሚስትየዋ ባሏን ልትገድል ክኒን ቀየረች እንበል፤ ቫርኒሽ ቀቢዋን የምታስረግዘው ምን ልትሆን ብላ ነው? ሁለት ሰው፣ ሁለት የተለያየ ክኒን፣ ሁለቱም ትክክለኛ፣ ሁለቱም ተውጠው የት እንደገቡ የማይታወቅ። እነዚህ ሁለት ሰዎች የሚገናኙት የት ነው? ወርክሾፕ። ምን ይጋራሉ?

"ሥራ ቦታ ምን ትበላላችሁ?"

"እኔ ምሳዬን ከቤት፣ እሱም ከቤት።"

"ምን ትጠጣላችሁ?"

"ውሃ። ሻዩን ደግሞ…" ቆም አለች። "የእናቱን ሻይ ነዋ። ይመረው ነበር፤ ግማሹን ለኔ ነው የሚገለብጥልኝ። 'እማዬ ትቀየመኛለች፣ ቴርሞሱ ባዶ ካልተመለሰ' ይለኛል። እኔ ደግሞ እንቅልፍ ይሰጠኝ ስለነበር ወደድኩት። ከተጀመረ ቆየ እኮ።"

"ሚስቱ ታውቅ ነበር?"

"ኧረ ባክህ! 'እንዳትነግሪያት' ብሎኛል። 'ከእማዬ ጋር ይጣሉብኛል፤ ሁለቱም ይወዱኛል፣ መሀል ላይ የምፈጨው እኔ ነኝ' እያለ።"

* * *

ሐኪሙ ይህን ሲሰማ መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ አደረገ፤ ነገሩን ከልቡ ሲይዘው እንደዚያ ነው።

"እኔ መርዝ ነበራ የፈለግኩት" አለ። "መርዝ አይደለም። ቅጠሉ መርዝ አይደለም፣ ክኒኑም ሐሰተኛ አይደለም።"

"በሰው ቋንቋ ንገረኝ።"

"እሺ። የምትውጠው ሁሉ ደምህ ውስጥ ገብቶ ጉበትህ ዘንድ ይደርሳል። ጉበት ደግሞ ባዕድ ነገር አይወድም። ይለያየዋል፣ ይቀይረዋል፣ ከሰውነት እንዲወጣ ያደርገዋል። መድኃኒትም ቢሆን ለጉበት ባዕድ ነው። ሐኪም ይህን ያህል ዋጥ ሲልህ፣ ጉበትህ ምን ያህሉን በምን ፍጥነት እንደሚያፈርሰው አስልቶ ነው።"

"እሺ።"

"አሁን ወርክሾፕ አስብ። ሠራተኛው የታወቀ ነው፣ በቀን የሚፈርሰው ጣውላም የታወቀ ነው። ቅጠል ውስጥ ያሉ አንዳንድ ነገሮች ግን ጉበቱን ሠራተኛ ጨምር ይሉታል። ሠራተኞቹን ኢንዛይም ነው የምንላቸው። ወዲያው አይደለም፤ ቀናት ተጠጥቶ፣ ተጠጥቶ ነው። ከዚያ ጠዋት የገባው ጣውላ ሳይመሽ ያልቃል። ሚስቱ ክኒኑን ሰጠች፤ እሱም ዋጠ፤ ጉበቱ ደግሞ ሥራውን ሳይሠራ አፈረሰው።"

"የቫርኒሽ ቀቢዋንም?"

"የሷንም። የመከላከያውንም ክኒን የሚያፈርሱት ከነዚያው ሠራተኞች ውስጥ ናቸው። እሷ ልጅ አተረፈች። እሱ ሞተ።"

ሐኪሙ የቴርሞሱን ትራፊና ያስቀመጠውን ደም እንደገና ላከ፤ በዚህኛው ጊዜ የሚፈልገውን እያወቀ። ተገኘ። ቢጫ አበባ ያላት፣ ለትካዜና ለእንቅልፍ የምትፈላ ቅጠል ነች። ስሟን ሲሰማ ኢንስፔክተሩ በገበያው ጀርባ የምትሸጥበትን ሱቅ ወዲያው አወቀው።

ቢሆንም እሱ አላምንም ነው። እናት ሳታውቅ አደረገችው ማለት ቀላል ነው። አውቃ ቢሆንስ? ምራቷን የምትጠላ፣ የልጅ ልጇን ለብቻዋ የምትፈልግ ሴት ስንት ነገር ታስባለች? ልጇንማ… ይህን ሲያስብ ራሱን ታዘበው፤ ግን ሐሳቡን አልተወውም።

ቅጠል አዋቂው ሽማግሌ ጠባብ ሱቃቸው ውስጥ ሥሩንም ቅጠሉንም በየጣሳው ደርድረው ተቀምጠዋል።

"አባባ፣ ይህችን ቅጠል ለአናጢው እናት ሸጠዋል?"

"ሸጫለሁ። ምነው?"

"ለማን ነው ብለው አልጠየቁም?"

ሽማግሌው ተቆጡ። "እንዴት አልጠይቅም! ሁለት ነገር ሳልጠይቅ ቅንጣት አልሰጥም። ለማን ነው? የሐኪም መድኃኒት ይወስዳል ወይ? የሚወስድ ከሆነ ከኔ አይወስድም፤ አባቴም እንደዚያ ነበር የሚሠራው። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ግን አንድ ላይ ሲሆን የተበላሸበት ሰው አይተናል።"

"ምን አሉዎት እሳቸው?"

"'ለራሴ ነው፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ' አለችኝ። ክኒን አለ ወይ ስላት 'ክኒን የሚባል ነገር አልወድም' አለች።"

ኢንስፔክተሩ አመስግኖ ወጣ። እናትየው ዋሽተዋል። ለምን?

* * *

እናትየው በረንዳው ላይ ተቀምጠው የልጅቷን ጠጉር እየሠሩ ነበር። ኢንስፔክተሩ ልጅቷን "እስኪ ሄደሽ ተጫወቺ" ብሎ ላካት። ማበጠሪያው እጃቸው ላይ ቀረ።

"ተፈረደባት?" አሉ።

"እማማ፣ ቅጠሉን ለራሴ ነው ብለው ለምን ገዙ?"

ማበጠሪያውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። እሱም ፊታቸውን እያነበበ ጠበቀ፤ የሚፈራውን ነገር ቢያገኝ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም ነበር።

"ሽማግሌው ይከለክለኛላ" አሉ በመጨረሻ። "ክኒን አለ ካልኩት አይሰጠኝም። ልጄ እንቅልፍ አጥቶ ነበር። ደረቱ ከተቀደደበት ቀን ጀምሮ ደስታ ራቀው፤ ለሰው ይስቃል፣ ብቻውን ሲሆን ይፈዛል። እናት አታይም? ለሚስቱ ብነግራት 'ከሐኪም ትእዛዝ ውጪ ምንም አይቀምስም' ነው የምትለኝ። የወለድኩትን ልጅ ሾርባ ላጠጣ ፈቃድ ስጠይቅ ኖርኩ እኮ። አንድ ነገር፣ አንዲት ነገር ብቻ እኔ ላድርግለት አልኩ። ምን አጠፋሁ? ቅጠል ነው። እኔም ጠጥቼዋለሁ፣ ምንም አልሆንኩም።"

ያን ጊዜ ኢንስፔክተሩ አመነ። ማመኑ ግን እፎይ አላሰኘውም። ሐኪሙ እርግጠኛ አይደለም ብሎ ሊሄድ ይችል ነበር፤ ሴትየዋን ፈትቶ፣ መዝገቡን በሕመም ዘግቶ። እናትየው ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው ምራታቸውን ነፍሰ ገዳይ ሲሉ ይኖራሉ፤ ልጅቷም እያመነች ታድጋለች። ቃሉ አይፈታም ብላዋለች ያቺ ሴት።

ስለዚህ ነገራቸው። ስለ ጉበቱ፣ ስለ ክኒኑ፣ ሐኪሙ እንዳስረዳው አድርጎ ቀስ ብሎ ነገራቸው። አላቋረጡትም። እንዳልገባቸው ገምቶ ሊደግም ሲል እጃቸውን አነሡ።

"ገደልኩት ነው የምትለኝ?"

"ሆን ብለው አላደረጉትም እማማ። ይህን ማንም አይልም። ዐቃቤ ሕጉም…"

"እሱን አልጠየቅኩህም።"

እሳቸው አልጮኹም። ያን ቀን ወርክሾፑን ያናወጡት ሴት በረንዳቸው ላይ እንደ ሕፃን ጉልበታቸውን አቅፈው ተቀመጡ። ኢንስፔክተሩ ውሃ ሊያመጣላቸው ገባ፤ ብርጭቆውን ይዞ ሲመለስ ነጠላቸውን ለብሰው፣ የልጅቷን እጅ ይዘው ቆመዋል።

"ውሰደኝ ወደሷ" አሉት።

* * *

የጣቢያው ኮሪደር ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ። ሚስትየዋ ከክፍሉ ስትወጣ ልጅቷ ሮጣ ተጠመጠመችባት። እናትየው ከወንበሩ ወዲያ ቆመው ቀሩ። ኢንስፔክተሩ ቀድሞ ሊናገር አፉን ሲከፍት "ተው፣ እኔ ልበል" አሉት።

አሉም። ቅጠሉን፣ ቴርሞሱን፣ ለሽማግሌው የዋሹትን ውሸት፣ አንዱንም ሳያስቀሩ ተናገሩ። ሴትየዋ ነርስ ነችና ግማሹን ሳይጨርሱት ገብቷታል። ፊቷ ላይ ደም አልቀረም። የልጇን ጭንቅላት ወገቧ ላይ አስጠግታ፣ ጆሮዋን በመዳፏ ሸፈነችላት።

"ለምን አልጠየቁኝም?" አለች።

"እምቢ ትያለሽ ብዬ።"

"አዎ" አለች ሴትየዋ። "እምቢ እል ነበር።"

እናትየው ግድግዳውን ተደግፈው ቀስ ብለው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ያ ሁሉ ስድብ፣ ያ ሁሉ እርግማን የት እንደገባ እንጃ፤ አንዲት አሮጊት ብቻ ቀርተዋል። ኢንስፔክተሩ የሴትየዋን ቦርሳ አምጥቶ ሰጣት፤ ይቅርታ ሊላት ፈልጎ ተወው። እሷም የጠበቀችው አይመስልም። ልጇን ይዛ ወደ በሩ አመራች።

ደጃፉ ላይ ልጅቷ ወደ ኋላ ዞረች።

"እማዬ፣ አያቴስ? አትመጣም?"

ሴትየዋ ቆመች። ሳትዞር ቆመች። ኢንስፔክተሩ ይህችን ሴት ስንት ሰዓት ሙሉ ሲጠይቅ ድምጿ እንዲህ ሲንቀጠቀጥ አልሰማም።

"ዛሬ አይደለም የኔ ቆንጆ" አለች። "ዛሬ አልችልም።"

እናትየው ከተቀመጡበት ሆነው በእሺታ ሁለት ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እናትና ልጅ መንገዱን እስኪሻገሩም ድረስ ዓይናቸውን ከበሩ አላነሡም።